ድምፅ እንዴት ከጆሯችን ይደርሳል?



ገጠር ያደጋችሁ ወይም ለክረምት ዕረፍት ወደ አያቶቻችሁ አገር የሄዳችሁ ሁሉ አንድ ነገር ሳታዩ አትቀሩም። ከሸለቆው ማዶ፣ ከፊት ለፊቱ ተረተር ላይ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል። መጥረቢያው ከፍ ይላል፤ ይወርዳል፤ ግንዱን ሲመታው በዐይናችሁ ታያላችሁ፤ ነገር ግን ምንም አይሰማም። ሰውዬው መጥረቢያውን እንደ ገና ማንሣት ሲጀምር ነው «ቋ» የሚለው ድምፅ ከጆሯችሁ የሚደርሰው። ስለዚህ መጥረቢያው የሚጮኸው እንጨቱን ሲመታ ሳይሆን ወደ ሰማይ ሲነሣ ይመስላል። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህን አይቼ አያቴን «ስለ ምን እንዲህ ይሆናል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዐይን ጎበዝ ነው፤ ጆሮ ግን ሽማግሌ ነው፤ እያዘገመ ይመጣል» ብለው መለሱልኝ። መልሳቸው ግማሹ እውነት መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ዘመን ቈይቼ ነው። የሚያዘግመው ጆሮ አይደለም፤ ድምፁ ነው።

በዛሬው ንግግሬ ድምፅ ምን እንደ ሆነ፣ በምን መንገድ እንደሚጓዝ፣ ከጆሯችን ከገባም በኋላ ምን እንደሚሆን ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ የእርሱን ነገር ለመረዳት ግን አስቀድሞ የጆሮን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድምፅ ማለት እንቅስቃሴ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ድምፅ የለም። ይህን ለማረጋገጥ የቤተ ሙከራ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ጣታችሁን በጕሮሯችሁ ላይ አሳርፋችሁ አፋችሁን ሳትከፍቱ «እምም» በሉ። ከጣታችሁ ሥር አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ይታወቃችኋል፤ ዝም ስትሉ መንቀጥቀጡም ዝም ይላል። ከቤታችሁ ከበሮ ካለ ደግሞ ጥቂት ጤፍ ከቆዳው ላይ በትኑና ዳሩን በቀስታ ምቱት፤ ጤፉ እንደ አንበጣ ይዘላል። ከበሮ ለሌለው ልጅ በባዶ ጣሳ አፍ ላይ የተወጠረ ስስ ላስቲክ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው አንድ ሰው ከጣሳው አጠገብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጩኽ። ላስቲኩ በደንብ የተወጠረ እንደ ሆነ ጤፉ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ይህን ጣሳ አትርሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ይህን ወዲያና ወዲህ መመላለስ በተለምዶ መርገብገብ እንለዋለን፤ በሳይንስ መጻሕፍት ንዝረት ይባላል። የማሲንቆ አንድ አውታር ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። ያን ጭራ በሁለት ችካል መካከል ወጥራችሁ ብትገዘግዙት ድምፁ ከአጠገባችሁ አያልፍም። ከሥሩ ቆዳ የተለበጠው ሣጥን ሲኖር ግን ሣጥኑም ከአውታሩ ጋር አብሮ ስለሚርገበገብና ብዙ አየር ስለሚገፋ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ሰርግ ቤቱን ይሞላዋል። የሚጮኸው ነገር የግድ ቆዳ ወይም ብረት መሆን የለበትም። ጣና ሐይቅ ባሉት ገዳማት ከድንጋይ የተሠራ ደወል አለ፤ ድንጋዩ ተንጠልጥሎ ሲመታ እንደ ብረት ያቃጭላል። ድንጋይ ሲርገበገብ በዐይን ባይታይም መርገብገቡ አይቀርም።

አሁን ብዙ ሰው ከሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን። እኔ ስናገር ከአፌ የሚወጣው ትንፋሽ ተጕዞ ከሰሚው ጆሮ የሚገባ የሚመስላቸው አሉ። እንዲህ አይደለም። የጠዋቱን የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ አስቡ። ከመጨረሻው ረድፍ ያለ አንድ ባለጌ ልጅ ከፊቱ ያለውን ይገፋዋል፤ የተገፋውም ከፊቱ ያለውን ይነካዋል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ግፊቱ ከሰልፉ ራስ ይደርሳል፤ ቅጣቱንም ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ከፊት ያለው ነው። ነገር ግን ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት የሄደ ልጅ የለም፤ እያንዳንዱ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከቦታው ተመልሷል። የሄደው ግፊቱ ብቻ ነው። አየርም እንዲሁ ነው። አውታሩ ሲርገበገብ አጠገቡ ያለውን አየር ይገፋል፤ መልሶም ይለቀዋል፤ ያም አየር ጎረቤቱን ይገፋል፤ ይህ መጨናነቅና መላላት እየተቀባበለ ሲሄድ የድምፅ ሞገድ ይባላል።

ስለዚህ ግፊቱን የሚቀባበል ነገር ከሌለ ድምፅ መንገዱ ይዘጋል ማለት ነው። ሮበርት ቦይል የሚባለው ሊቅ በ1660 ባሳተመው መጽሐፍ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ይህን በሙከራ እንዳየ ይናገራል። የኪስ ሰዓት በክር አንጠልጥሎ በመስተዋት ዕቃ ውስጥ ከከተተ በኋላ አየሩን በፓምፕ ሳበው። አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን የሰዓቱ ቅጭልታ እየደከመ ሄደ፤ ሰዓቱ ግን መሥራቱን አላቋረጠም። በ1969 ጨረቃ ላይ የወረዱት ሁለት አሜሪካውያን፣ አርምስትሮንግና ኦልድሪን፣ ጎን ለጎን ቆመው እንኳ የሚነጋገሩት በራዲዮ ነበር። ከመካከላቸው ድምፅ የሚያሻግር አየር አልነበረምና።

ራዲዮ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በራዲዮ ስታዳምጡኝ እስከ ቤታችሁ ድረስ የሚጓዘው ድምፄ አይደለም። ድምፄ በማይክሮፎኑ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና በራዲዮ ሞገድ ላይ ተሳፍሮ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል፤ ተመልሶ ድምፅ የሚሆነው ከእናንተው ራዲዮ ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት ከአንድ ትልቅ አዳራሽ ተናጋሪው ሲናገር ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ የተቀመጠው ሰው ቃሉን የሚሰማው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በኋላ ሲሆን፣ የዚያው ንግግር የራዲዮ ሞገድ 300 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ ሺሐኛ ብቻ ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ለሩጫ ብዙ ነው፤ ከብርሃን ጋር ሲወዳደር ግን ኤሊ ነው፤ ብርሃን በአንድ ሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳልና። የመጥረቢያው ምስጢር ይኸው ነው። እንጨት ፈላጩ 340 ሜትር ርቆ እንደ ሆነ ምቱን ካያችሁ ከአንድ ሰከንድ በኋላ ትሰማላችሁ። በክረምት ጊዜም መብረቅ ሲበርቅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ ሰከንዱን ቍጠሩ፤ ነጐድጓዱ እስኪሰማ የቈጠራችሁትን ለሦስት ብታካፍሉት መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ዘጠኝ ብትቈጥሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ቍጥሩ እያነሰ ከሄደ ግን ዝናሙ ወደ እናንተ እየመጣ ነውና ከዛፍ ሥር ወጥታችሁ ወደ ቤት ግቡ።

የገደል ማሚቶም ከዚሁ የተነሣ ነው። ልጆች ሳለን ከገደሉ ውስጥ ማሚቶ የምትባል አንዲት ሴት ያለች ይመስለን ነበር፤ የተናገርነውን ሁሉ ትደግምብናለች፤ ስንሰድባትም ትሰድበናለች። ጥቂት ጓደኞቼ ሲመሽ በዚያ በኩል አያልፉም ነበር። ማሚቶ ግን የራሳችን ድምፅ ናት፤ ከገደሉ ግንብ ተጋጭታ የምትመለስ። ከተጮኸበት ጊዜ ጀምሮ እስክትመለስ ሁለት ሰከንድ የፈጀች እንደ ሆነ፣ አንዱን ሰከንድ ለመሄድ፣ አንዱን ለመመለስ ነውና ገደሉ 340 ሜትር ርቋል። ገደሉ ከ17 ሜትር በታች ቢቀርብ ግን ማሚቶ ከዋናው ድምፅ ጋር ትቀላቀልና ጆሯችን ለይቶ አይሰማትም። የሌሊት ወፍ በጨለማ ውስጥ እየበረረች ከግድግዳ የማትጋጨውና ትንኝ የምትይዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ እየጮኸች፣ የምትመለሰውን ማሚቶ እየሰማች።

«የሌሊት ወፍ መቼ ስትጮኽ ሰማናት?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ድምፅ ቀጭንና ወፍራም አለው። የክራርን አውታር ብታጠብቁት በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚመላለስበት ቍጥር ይበዛል፤ ድምፁም ይቀጥናል፤ ብታላሉት ይወፍራል። በሰከንድ አንድ ጊዜ መመላለስ አንድ ኸርዝ ይባላል። ጤነኛ ወጣት ሰው ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ይሰማል። ከዚያ በላይ የቀጠነውን ውሻ ይሰማዋል፤ አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች የሚጮኹት ደግሞ ከእኛ ወሰን በላይ ነው። ስለዚህ እኛ ጸጥ ያለ የሚመስለን ሌሊት ለእነርሱ ገበያ ነው። ዕድሜ ሲገፋም እጅግ የቀጠነው ድምፅ አስቀድሞ ይጠፋል፤ እኔ ዛሬ የማልሰማውን እናንተ የምትሰሙት አለ።

እንግዲህ ወደ ጆሮ እንግባ።

ጆሮ ብለን የምንጠራው፣ ጕትቻ የሚንጠለጠልበት ይህ የውጪው ክፍል ከጆሮ ሥራ እጅግ ትንሹን የሚሠራ ነው፤ ድምፅን እንደ ማንቈርቈሪያ አፍ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ይሰድዳል። ከዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ቧንቧ አለ። በቧንቧው ጫፍ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ስስ ቆዳ ተወጥሯል። ይህ የጆሮ ታምቡር ነው። አትርሱት ያልኋችሁን ጣሳ አሁን አስታውሱ፤ ጩኸት ላስቲኩን እንዳንቀጠቀጠ፣ ከመጥረቢያው የተነሣው የአየር ግፊትም ሸለቆውን ተሻግሮ መጥቶ ይህን ስስ ቆዳ ያርገበግበዋል።

ከታምቡሩ በስተኋላ ሦስት ታናናሽ ዐጥንቶች ተያይዘው ተቀምጠዋል። ሊቃውንቱ በመልካቸው ስም አውጥተውላቸዋል፤ የመጀመሪያው መዶሻ፣ ሁለተኛው ብረት ቀጥቃጭ ብረቱን የሚያሳርፍበት መስፍ፣ ሦስተኛው የፈረሰኛ እርካብ ይባላሉ። እርካቡ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሰው ገላ ውስጥ ከእርሱ የሚያንስ ዐጥንት የለም። ታምቡሩ መዶሻውን፣ መዶሻው መስፉን፣ መስፉ እርካቡን ይገፋል፤ እርካቡም የውስጠኛውን ጆሮ ትንሽ መስኮት ይመታል። ከዚህ ክፍል እስከ ጕሮሮ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ቧንቧ አለ። አውቶቡስ ገደል ሲወርድ ጆሯችሁ የሚደፈነው፣ ምራቅ ስትውጡም «ጧ» ብሎ የሚከፈተው በእርሱ ምክንያት ነው። ይህ ቧንቧ በሕፃናት ላይ አጭርና ያልዘቀዘቀ ስለ ሆነ፣ የጕንፋን ሕመም ከጕሮሮ ወደ ጆሮ በቀላሉ ይወጣበታል። ሕፃናት ጆሯቸውን የሚያማቸው ስለዚህ ነው።

የውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ሁለት ዙር ተኩል ያህል ተጠቅልሎ፣ በውኃ የተሞላ፣ የአተር ፍሬ ያህል ነገር ነው። በዚያ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ያሳየን ጌዎርግ ፎን ቤኬሺ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ነው። ሰውዬው ሐኪም አልነበረም፤ በቡዳፔስት ከተማ በፖስታ መሥሪያ ቤት የስልክ ነገር የሚመረምር ሰው ነበር። የተሻለ ስልክ ለመሥራት አስቀድሞ ጆሮ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል ብሎ ተነሣና፣ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደውን የውስጥ ጆሮ በማጕያ መነጽር መመርመር ጀመረ። እርካቡ መስኮቱን ሲመታ በውኃው ውስጥ ሞገድ እንደሚነሣ፣ ቀጭኑ ድምፅ በመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ከጥቅልሉ ጫፍ ላይ ብርቱ እንደሚሆን አየ። ለዚህም በ1961 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስን። በዚያ ጥቅልል ውስጥ በረድፍ የቆሙ ከአናታቸው ላይ እጅግ ቀጫጭን ጠጕር የመሰለ ነገር ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ቍጥራቸው በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ነው። ብዙ አይምሰላችሁ፤ በራሳችን ላይ ያለው ጠጕር እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነፋስ ሲያልፍበት የገብስ ማሳ እንዴት እንደሚያጐነብስ አይታችኋል? የውኃው ሞገድ ሲያልፍ እነዚህም ጠጕሮች እንዲሁ ያጐነብሳሉ፤ ባጐነበሱም ጊዜ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሣል፤ ምልክቱም በመስማት ነርቭ በኩል ወደ አንጐል ይሄዳል። መስማት የሚባለው እዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን የነበረው ሁሉ መገፋትና መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር።

ነፋሱ ልከኛ የሆነ እንደ ሆነ ገብሱ ተመልሶ ይቆማል። ከሰርግ ቤት ድምፅ ማጕያ አጠገብ ሰዓታት ቈይታችሁ ስትወጡ ጆሯችሁ ጭው የሚለው፣ የሰውም ንግግር ከጥጥ ውስጥ የሚመጣ የሚመስለው፣ ጠጕሮቹ ስለ ደከሙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ያገግማሉ። በረዶ የመታው ገብስ ግን አይነሣም። እጅግ ብርቱ የሆነ ጩኸት፣ ወይም ከልክ ያለፈ ድምፅ በየቀኑ ሲደጋገም፣ ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል። የሚገርመው ነገር የዶሮ ጆሮ ይህ ችግር የለበትም። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ጫጩቶችን ከብርቱ ድምፅ በኋላ ቢመረምሩ የሞቱት ሕዋሳት በሌሎች ተተክተው አገኙ። በሰው ጆሮ ግን የሞተ አይተካም። ስንወለድ የተሰጠን 15,000 እስከ ዕለተ ሞት የሚቈየን ነው።

የድምፅ ብርታት በዴሲበል ይለካል። ተራ ጭውውት 60 ዴሲበል ያህል ነው። 70 ሲሆን ጥቂት የጨመረ እንዳይመስላችሁ፤ በ10 በጨመረ ቍጥር የድምፁ ኀይል 10 እጥፍ ይሆናል። በ85 ዴሲበል ጩኸት ውስጥ የሚሠራ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቈይ ይመከራል፤ 3 ዴሲበል በተጨመረ ቍጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። በ100 ዴሲበል ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ዛሬ ብዙ ልጅ ከጆሮው የሚሰካው ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ከተከፈተ ወደ 100 ሊደርስ ይችላል። አጠገባችሁ የቆመው ሰው ሲናገር ካልሰማችሁት ከልክ አልፏል ማለት ነው፤ ቀንሱት።

ለጆሮ ግን ከድምፅ ሌላ ጠላት አለው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወዳጅ መስለው የሚመጡ ናቸው። ኩክ ቈሻሻ አይደለም፤ አቧራንና ትንንሽ ነፍሳትን የሚይዝ የጆሮ ዘበኛ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስም ራሱ ቀስ እያለ ይወጣል። በክብሪት እንጨት፣ በላባ፣ በቍልፍ የሚቈፍረው ሰው ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ እጁ ቢስትበትም ታምቡሩን ይበሳዋል። መግል የሚወጣውን ጆሮ በቅጠል ጭማቂ ወይም በዘይት ማከምም አደገኛ ነው፤ ታምቡሩ የተበሳ እንደ ሆነ የጨመሩበት ሁሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃልና። መግል የያዘ ጆሮ የሚወሰደው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍም መስማትን ሊያሳጡ ይችላሉ።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። በቁመት ረዣዥሞች ስለ ነበርን ቦታችን ከመጨረሻው ረድፍ ነበረ። ቀኝ ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ መግል ይወጣው ነበርና ጥጥ ይወትፍበታል፤ ሽታ ስለ ነበረው እኛ ልጆች በእርሱ ላይ አፍንጫችንን እንይዝ ነበር። እኔም ይዣለሁ። የሚሰማው በግራው ብቻ ነው፤ የቀረውን ከመምህሩ ከንፈር ያነብባል። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ጥቍር ሰሌዳው አዙረው ሲናገሩ ግን ከንፈራቸው ይሰወራል፤ ድምፃቸውም ወደ ሰሌዳው ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ለእርሱ ትምህርቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ይህን ዛሬ ነው የምናገረው፤ ያን ጊዜ ማንም አላወቀም፤ እርሱም ሌላው ሰው ከእርሱ የበለጠ እንደሚሰማ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አንድ ቀን መምህሩ ወደ ሰሌዳው እንደ ዞሩ ስሙን ጠሩት፤ አልመለሰም። ደግመው ጠሩት፤ አልመለሰም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ንቀት መሰላቸውና መጥተው በቀኝ እጃቸው በጥፊ ጆሮ ግንዱን አሉት። ፊት ለፊት የቆመ ሰው በቀኝ እጁ ሲመታ የሚያገኘው የተመችውን ግራ ጆሮ ነው። የእጅ መዳፍ ጆሮን ሲከድን በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር በአንድ ጊዜ ጨምቆ ወደ ታምቡሩ ይሰድደዋል፤ ስስ ቆዳውም ይቀደዳል። ደም ጠብ አለ። ደኅናው ጆሮ ያ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይድናል፤ የእርሱም ዳነ። ነገር ግን እስኪድን ድረስ የዓመቱ ፈተና መጥቶ አለፈ። ወደቀ። አባቱም «ይህ ልጅ ደንቆሮ ነው» ብለው ከትምህርት ቤት አስወጡት። ይህን ቃል ልብ በሉት። በቋንቋችን ደንቆሮ ማለት መስማት የማይችል ማለት ነው፤ ደግሞም ማስተዋል የሌለው ማለት ነው። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች በአንድ ቃል ታስረው ስለሚኖሩ፣ የማይሰማውን ልጅ የማያስተውል አድርጎ መቍጠር ለአፋችን ቀላል ሆነ። ልጁ ግን በሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ፈጽሞ የማይሰማ ሰው እንኳ ቋንቋ የሌለው አይደለም፤ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በእጅና በፊት የሚነገር ሙሉ ቋንቋ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጓደኛዬን በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አገኘሁት። አልጋና ቁም ሣጥን ይሠራል፤ መጋዙ በሚጮኽበት ጊዜ ግራ ጆሮውን በመከለያ ይሸፍናል፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ግን አይሸፍኑም። ንግግሬን በራዲዮ እንደሚያዳምጥ ነገረኝ። ራዲዮኑን ከሥራ ጠረጴዛው በስተግራ በኩል እንዳስቀመጠው አየሁ። ስለዚያ ቀን እኔ ላነሣ ብል እርሱ ወሬውን ለወጠው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ተነገረው፣ የመስማት ጉድለታቸው ርዳታ እስከሚያስፈልገው የደረሰ ሰዎች በዓለም ከ430 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም 34 ሚሊዮኑ ልጆች ናቸው። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ ለማወቅ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሲጠራ አንገቱን ወደ አንድ ወገን የሚያዞር፣ ንግግርን ደጋግሞ «ምን አልህ?» የሚል፣ የሚናገረውን ሰው አፍ የሚመለከት፣ ስታዋሩት ፊቱ የሚደክም ልጅ ካለ ከኋላው አንድ ክንድ ያህል ርቃችሁ ቁሙና አንዱን ጆሮውን በእጁ አስደፍናችሁ ጥቂት ቃላት በሹክሹክታ ንገሩት፤ ይድገመው። ከዚያም ሌላውን ጆሮ። ሊደግመው ካልቻለ ለመምህራችሁና ለወላጆቹ ንገሩለት፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እስከዚያው ድረስ ግን ከፊተኛው ወንበር፣ ደኅናው ጆሮው ወደ መምህሩ በሚሆንበት ወገን ይቀመጥ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም።

ለዛሬው ማታ የሚሆን አንድ ሙከራ ትቼላችሁ ልሂድ። አንድ ሜትር ያህል ክር ወስዳችሁ ከመካከሉ ላይ የብረት ማንኪያ እሰሩ። የክሩን ሁለት ጫፎች በሁለቱ የሌባ ጣቶቻችሁ ላይ ጠምጥሙና ጣቶቻችሁን ወደ ውስጥ ሳትገፉ የጆሯችሁን ቀዳዳ ድፈኑባቸው። ከዚያ በኋላ ጐንበስ በሉና ማንኪያው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ይጋጭ። አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚሰማው «ቅጭል» የምትል ትንሽ ድምፅ ናት። እናንተ የምትሰሙት ግን የትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ድምፁ ከክሩ ወደ ጣት፣ ከጣትም ወደ ራስ ዐጥንት እንዴት እንደ ተሻገረ እያሰባችሁ፣ ተራውን ለታናናሾቻችሁ ስጡ።